የመኪና ውስጥ ካሜራ መያዣ፦ መስታወቱን ተዉት፣ ወንበሩን ያዙ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አምስቱ መኪና እየነዱ ስለ መቅረጽ ይጠይቃሉ። ሁሉንም እዚሁ አንድ ላይ ልመልሳቸው። ነገሩ እኔንም ስለሚያንገበግበኝ የመጀመሪያው መልስ ረዘም ይላል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ቪትዝ አለኝ። እሑድ ጠዋት መንገዱ ጭር ሲል ከአራት ኪሎ ተነስቼ፣ በፒያሳ አድርጌ፣ ቸርችልን ወርጄ እስከ ለገሃር እየነዳሁ እቀርጻለሁ። እስካሁን የሠራሁት መስታወት ላይ በሚጣበቅ የስልክ መያዣ ነው። ሁለቴ ወደቀብኝ። ሳይወድቅም ምስሉ ይንቀጠቀጣል፤ ሕንጻዎቹ እንደ ጄሊ ይወዛወዛሉ። አሁን አንዲት ያገለገለች ካሜራ ገዝቻለሁ። ከነባትሪዋ ግማሽ ኪሎ ትሆናለች። ተሠርቶ የሚሸጠውን መያዣ ለመግዛት አቅም የለኝም። ቤቴ ልሠራው እችላለሁ?
የቪትዝ ባለቤት፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ትችላለህ። ለአንተ መኪና ብቻ ተለክቶ ስለሚሠራ ከሚሸጠውም ሊሻል ይችላል።

መጀመሪያ የራሴን ልንገርህ። ያደግኩት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው። ጥር 2014 ላይ የድሮ ሰፈሬን በመኪና እየዞርኩ ልቀርጽ ወጣሁ። ሰፈሩ ይፈርሳል ብዬ አላሰብኩም። ለእናቴ ላሳያት ነበር። እግሯን ታማ ከቤት መውጣት ካቆመች ቆይታለች። ካሜራዬን እንደ አንተ መስታወት ላይ በሚጣበቅ ላስቲክ ሰቀልኩት። የድሮ ቤታችን ልደርስ ጥቂት ሲቀረኝ ጎማዬ አንዲት ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ካሜራው ጧ ብሎ ወለሉ ላይ ወደቀ። ከኋላዬ ታክሲ ጡሩምባ ይነፋል፤ ቆሜ ላነሳው አልቻልኩም።

ቤት ገብቼ ሳየው ቪዲዮው 11 ደቂቃ ነው። ከ11ዱ ደቂቃ 4ቱ የመኪናዬ ምንጣፍ ነው። ድምፁ ግን አለ። እናቴ ያንን 4 ደቂቃ ዓይኗን ጨፍና ሰማችው። «ይኸው ወፍጮ ቤቱ» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «አሁን ታጠፍክ» አለችኝ። በ2016 ሰፈሩ ፈረሰ። ያን መንገድ ደግሜ ልቅረጽህ ብለው የለም። ስለዚህ ይህችን ጥያቄ ቀለል አድርጌ አላያትም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ላስቲኩ ለምን ይወድቃል? መስታወቱ ላይ ስትጫነው ከሥሩ ያለው አየር ይወጣል። ከዚያ በኋላ የሚይዘው የውጪው አየር ክብደት ነው፤ ሌላ ምንም የለም። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ 4 ኪሎ የሚችል ላስቲክ፣ እዚህ 3 ኪሎ አካባቢ ሲደርስ ይለቃል። በዚያ ላይ የጠዋቱን ብርድና የቀትሩን ፀሐይ ጨምርበት። ላስቲኩ ይደርቃል፣ ጠርዙ ይሰነጠቃል፣ አቧራ ይገባዋል። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ኪሎ አምነህ ግማሽ ኪሎ ካሜራ አትስቀልበት።

ጄሊው የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው። የስልክና የአብዛኞቹ ካሜራዎች ዓይን ምስሉን ባንዴ አያነሳም። መስመር በመስመር ከላይ ወደ ታች ያነባል። አንብቦ ታች እስኪደርስ ካሜራው ከተነቃነቀ፣ የፖስታ ቤቱ ጣሪያ ወዲህ፣ በሩ ወዲያ ይሆናል። ይህን በኋላ በኮምፒውተር ማስተካከል አድካሚ ነው፤ ብዙ ጊዜም አይሳካም። መድኃኒቱ መያዣውን ማጠንከር ነው። ለማጠንከር ደግሞ ከሁሉ በፊት ክንዱን አሳጥር። ያው አንዱ ብረት፣ ርዝመቱን በግማሽ ብትቀንሰው፣ በዚያው ክብደት መታጠፉ በ8 እጥፍ ይቀንሳል። ረጅም አንገት ያላቸው የስልክ መያዣዎች ሁሉ ችግራቸው ይኸው ነው።

ብዙ ሰው ንዝረት ይውጥልኛል ብሎ ከካሜራው ሥር ስፖንጅ ያደርጋል። አታድርግ። ስፖንጁ ትንንሹን ንዝረት ይውጥና ትልቁን ያመጣዋል። ጉብታ በተሻገርክ ቁጥር ካሜራው እንደ ጀልባ ሁለት ሦስቴ ይዋልላል።

ታዲያ የት ይታሰር? ጋቢና፣ ከሹፌሩ ጎን ያለው መቀመጫ የራስ መደገፊያ ላይ። መደገፊያውን ወደ ላይ ሳብ ስታደርገው ሁለት የብረት ዘንጎች ታያለህ። ዘንጎቹ የሚገቡት የመቀመጫው የብረት አጥንት ውስጥ ነው። አጥንቱ ደግሞ ወለሉ ላይ በብሎን ታስሯል። እዚያ ያሰርከው ካሜራ ከመኪናው ጋር አንድ አካል ይሆናል። አንዳንድ ቪትዝ ላይ መደገፊያው ከመቀመጫው ጋር አብሮ የተሰፋ ነው። የአንተም እንዲያ ከሆነ መጨረሻ ላይ ለላዳዋ ልጅ የጻፍኩትን አንብብ።

ቦታውን የምወድበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ከዚያ ሆኖ ካሜራው መንገዱን ከዳሽቦርዱና ከመሪው ጋር ያያል። እጅህ ማርሽ ሲቀይር ይታያል። የሚያየው ሰው ኋላ ወንበር ተቀምጦ አብሮህ የሚሄድ ይመስለዋል። እናቴ የፈለገችው እሱን ነበር።

ዳሽቦርድ ላይ ግን እንዳታስር። ቪትዝህ ኤርባግ ካለው፣ ከጋቢናው ፊት ያለው ክዳን ሥር ታጥፎ ተቀምጧል። ሲፈነዳ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ነው። ክዳኑ ላይ ያገኘውን ሁሉ ወደ ሰው ፊት ይወረውራል።

የሚያስፈልግህ ይህ ነው። ሁለት የዋንዛ ቁራጭ፤ እያንዳንዱ 25 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 5 ሴንቲ ሜትር ቁመት፣ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት። የሰፈርህ አናጺ ከተራረፈው ይሰጥሃል። ኤምዲኤፍ፣ ማለትም ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ ጣውላ አይሁን፣ ብሎኑ የሚገባበት ላይ ይፈረፈራል። ሦስት ባለ 8 ሚሊ ሜትር ብሎን፣ 7 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው፤ ለያንዳንዱ ሁለት ሁለት ዳዶና ሮንዴላ። ከአሮጌ ካላማዳሪ የተቆረጠ ስስ ላስቲክ። አንድ አንግል ብረት (በማዕዘን የታጠፈ ብረት)፣ 30 በ30፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር። እግሩ ከተሰበረ ትራይፖድ የተፈታ ጭንቅላት። ካሜራ የሚጠግኑ ሰዎች ጋ ጠይቅ፣ እግር አልባ ትራይፖድ ጥግ ላይ አይጠፋም።

መጀመሪያ የዘንጉን ውፍረት እወቅ። ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ከሌለህ ክር ዙሪያውን አንዴ ጠምጥም፣ የክሩን ርዝመት ለካ፣ ለ3.14 አካፍል። 38 ሚሊ ሜትር ከመጣ ዘንጉ 12 ነው። ከዚያ በሁለቱ ዘንጎች መሃል ለመሃል ያለውን ርቀት ለካ። ይህችን ሁለቴ ለካት። አንድ ሚሊ ሜትር ከሳትክ እንጨቱ አይገባልህም።

አሁን የሥራው ዋና ቦታ ላይ ደርሰናል። ሁለቱን እንጨቶች ፊት ለፊት ግጠማቸው። ከመግጠምህ በፊት ግን መሃላቸው 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ካርቶን አስገባ። የጫማ ካርቶን እጥፍ ብታደርገው ይበቃል። ሦስቱንም አንድ ላይ ሞርሳ (ማጥበቂያ) ውስጥ አጥብቃቸው። ከላይ ስታይ እንጨት፣ ካርቶን፣ እንጨት ይታይሃል። ትራፓኖውን (መብሻ ማሽኑን) በካርቶኑ መስመር ላይ፣ ልክ በመሃሉ፣ ቀጥ አድርገህ ወደ ታች አውርድ። መጀመሪያ በቀጭኑ፣ በባለ 4 ሚሊ ሜትር መብሻ ብሳ። ወፍራሙን ቀድመህ ከሰደድክ ካርቶኑ ለስላሳ ስለሆነ መብሻው ይንሸራተታል። ከዚያ በባለ 14 አስፋው። ይህ ዘንጉ 12፣ ላስቲኩ በያንዳንዱ ጎን 1 ሲሆን ነው። አትቸኩል። ዋንዛ ቀስ ብለህ ስትበሳው ልጡ እየተጠቀለለ ይወጣል፤ ዱቄት ማውጣት ከጀመረ መብሻህ ደንዝዟል ማለት ነው።

ሁለቱንም ቀዳዳ ስትጨርስ ሞርሳውን ፍታና ካርቶኑን አውጣው። አሁን ያለህ ሁለት ግማሽ ጨረቃ ያለበት እንጨት ነው፤ ሁለቱ ግማሾች ተደምረው ከሙሉ ክብ በካርቶኑ ውፍረት ያንሳሉ። ዘንጉ ላይ ላስቲኩን ጠቅልለህ፣ እንጨቶቹን ከፊትና ከኋላ አድርገህ፣ ብሎኑን ስታጠብቅ ጥርቅም አድርገው ይነክሱታል። ካርቶን ሳታስገባ ብትበሳው እንጨት ለእንጨት ይገናኝና ዘንጉ ውስጡ ይሽከረከራል። ይህን ያስተማረኝ አባቴ ነው። ዕድሜውን በሙሉ ቶርኖ ላይ የቆመ ሰው ነበር።

ሦስቱ ብሎኖች አንዱ ከዘንጎቹ መሃል፣ ሁለቱ ከዘንጎቹ ውጪ ግራና ቀኝ ይሁኑ። በያንዳንዱ ላይ ሁለተኛ ዳዶ ደርብ። ያለዚያ ንዝረቱ ሳታውቀው ይፈታዋል።

አንግሉን ከእንጨቱ አናት ላይ እሰርና ወደ መኪናው መሃል፣ ወደ ሹፌሩ አቅጣጫ አውጣው። ከእንጨቱ ውጪ የሚተርፈው ከ12 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። ጠፍጣፋ ብረት ለምን አልሆነም ትለኝ ይሆናል። ጠፍጣፋ ብረት ወደ ላይና ወደ ታች ይወዛወዛል። የአንግሉ የቆመ ጎን ይህን ይከለክለዋል።

ካሜራው ሥር ያለችው ቀዳዳ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እዚያ የሚገባው ብሎን የሩብ ኢንች ነው፤ 6.35 ሚሊ ሜትር፣ በአንድ ኢንች 20 ጥርስ። ሱቅ ሄደህ «የካሜራ ብሎን» ስትል ባለ 6 ሚሊ ሜትሩን ይሰጡሃል። ይመሳሰላሉ። ባለ 6ቱ ሁለት ሦስት ዙር ይገባል፣ ከዚያ ይይዛል። የገባ መስሎህ ስታጠብቀው የካሜራውን ጥርስ ይበላዋል። የተሰበረ ትራይፖድ ጭንቅላት ፈልግ ያልኩህ ለዚህ ነው፤ ትክክለኛው ብሎን አብሮት አለ። ራስህ ብሎን የምትገጥም ከሆነ ደግሞ ካሜራው ከሚቀመጥበት ሰሌዳ በላይ የሚወጣው ከ5 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። ከበለጠ የካሜራውን ሆድ ከውስጥ ይገፋዋል። ረዘም ካለብህ በሮንዴላ አሳጥረው።

አንድ ነገር ሳልነግርህ አላልፍም። ካሜራውን ከእንጨቱ ጋር በተጨማሪ በጠንካራ ገመድ እሰረው። የቦርሳ ማንገቻ ይሆናል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄድክ ተጋጭተህ መኪናህ በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ቢቆም፣ ግማሽ ኪሎዋ ካሜራ ከ7 ኪሎ በላይ ሆና ነው ወደ ፊት የምትጎተተው። ገመዱ አጭር ይሁን፣ ብትፈታ መስታወቱ ጋ እንዳትደርስ። በዚያ ወንበር ላይም መያዣው እያለ ሰው አታስቀምጥ። መደገፊያውንም አውልቀህ አትተው፣ ቦታው ላይ ይቆይ።

ሲያልቅ ቆመህ ፈትነው። ካሜራውን ክፈትና አንግሉን በቡጢ መታ አድርገው። ቪዲዮውን እየው። ምስሉ አንዴ ነቅነቅ ብሎ ወዲያው ከቆመ ጥሩ ነው። እንደ ደወል ከተንቀጠቀጠ ክንዱን አሳጥር። ከዚያ ሰፈርህ ውስጥ ኮብልስቶን ላይ በዝግታ ሂድበት። አሥር ደቂቃ ነድተህ ብሎኖቹን እንደገና አጥብቅ፣ ዋንዛው ሲጨመቅ ትንሽ ይላላሉና።

ካሜራህ ወይም ስልክህ ምስል ማረጋጊያ ካለው አጥፋው። ማረጋጊያው የመኪናውን እንቅስቃሴ የእጅህ መንቀጥቀጥ ይመስለዋል። ውጪውን አረጋጋለሁ ሲል ዳሽቦርዱን ያዋኘዋል። መንገዱን ብቻ የምትቀርጽ ከሆነ ግን ይሁን፣ ክፍት ተወው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቀን ስቀርጽ የዳሽቦርዱ ነጸብራቅ መስታወቱ ላይ ይታያል። ማታ ደግሞ የመንገድ መብራቶቹ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ካሜራዬ ተበላሽቶ ይሆን?
ከካዛንቺስ

መልስ፦ ካሜራህ ደህና ነው። ለነጸብራቁ ጥቁር ከፋይ ግዛ። ጨርቅ ተራ በሜትር ይቆረጥልሃል። ዳሽቦርዱን በሙሉ የሚሸፍን አድርገህ አንጥፈው። የአየር መውጫውን ቀዳዳዎች ብቻ ክፈት፣ በክረምት መስታወቱ ሲያልብህ ትፈልጋቸዋለህ። ጠርዙን በደንብ አጣብቀው፣ መሪው ሥር እንዳይንሸራተት። ኤርባግ ያለበትን ክዳን ግን በማጣበቂያ አትድፈነው። ሌላ ጥቁር ጨርቅም ይሠራል፣ ከፋይ ግን ብርሃኑን ውጦ ያስቀረዋል። በተጨማሪ መስታወቱን ከውስጥ እጠበው። ከውጪ ሁሉም ያጥባል። ከውስጥ ያለችውን ቅባት ፀሐይ ሲመታት ብቻ ነው የምታያት።

የመብራቱ ነገር የመጣው ከኤሌክትሪካችን ነው። የኢትዮጵያ መብራት በሰከንድ 50 ዑደት ይሠራል። በዚህም ብዙ መብራቶች በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላሉ። ዓይናችን አያየውም፣ ካሜራ ያየዋል። ካሜራህን በሰከንድ 25 ምስል፣ የመዝጊያውን ፍጥነት 1/50 አድርገው። አይፎን ከሆነ ካሜራ ሴቲንግ ውስጥ ፓል የሚለውን ስታበራ 25 ይመጣልሃል። የአንዳንድ መኪና የኋላ መብራት ከዚህ በኋላም ብልጭ ሊል ይችላል። እሱ ከመስመር ኃይሉ ጋር አይገናኝም፣ ተወው።

ስልክ ከሆነ ሌላም ነገር አለ። ከመነሳትህ በፊት ሩቅ ያለ ሕንጻ ላይ ጣትህን ጫን አድርገህ ፎከሱን ቆልፈው። ያለዚያ አንዲት የዝናብ ጠብታ ባየ ቁጥር መንገዱን ትቶ መስታወቱን ያነጣጥራል።

ጥያቄ፦ በሞተር ሳይክል ዕቃ አደርሳለሁ። ስልኬን መሪው ላይ አስሬ መቅረጽ እችላለሁ?
ከሜክሲኮ

መልስ፦ ውድ ስልክ ከሆነ አታስረው ወንድሜ። አዳዲስ ስልኮች ውስጥ ሌንሱ ራሱ እየተንቀሳቀሰ ምስል የሚያረጋጋበት ስስ ክፍል አለ። አፕል በፈረንጆቹ 2021 ራሱ አስጠንቅቋል፤ የኃይለኛ ሞተር ንዝረት በመሪው በኩል መጥቶ ይህን ክፍል ሊጎዳው እንደሚችል ገልጿል። እንጀራህ በዚያው ስልክ ላይ ነው። ደረትህ ላይ በቀበቶ የሚታሰር ትንሽ ካሜራ ብትፈልግ ይሻላል። የሰው አካል ንዝረቱን በደንብ ይውጠዋል።

ጥያቄ፦ እየቀረጽኩ ስሄድ ጥበቃ አስቁሞ ካሜራዬን አስከፈተኝ። ምን ላድርግ?
ከስታዲየም አካባቢ

መልስ፦ ቤተ መንግሥት፣ የጦር ካምፕና ፖሊስ ጣቢያ ያለበት መንገድ ልትደርስ ስትል ቆም ብለህ ካሜራውን አጥፋ፣ አልፈህ ክፈተው። በአራት ኪሎ የምታልፍ ከሆነ ይህ ግድ ነው። ካስቆሙህ ደግሞ በእርጋታ አሳይ፣ አጥፋ ካሉህ አጥፋ። እየነዳህ ግን ካሜራም ስልክም አትንካ። እየነዱ ስልክ መያዝ በትራፊክ ደንቡም ክልክል ነው። እንዲህ ያለ ቦታ በሌለበት መንገድ መቅረጫውን ሞተር ሳታስነሳ በፊት ክፈተው፣ ሞተር ስታጠፋ ዝጋው። መሃል ላይ የተረፈውን ቤት ገብተህ ትቆርጠዋለህ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? አባቴ የላዳ ታክሲ ሹፌር ነው። ከ30 ዓመት በላይ ነድቷል። አሁን ዓይኑ ስለደከመ ሊያቆም ነው። ከማቆሙ በፊት ከቴዎድሮስ አደባባይ እስከ ለገሃር፣ ከዚያ እስከ ሜክሲኮ ሲነዳ ልቀርጸው እፈልጋለሁ። እየነዳ ያወራል፤ የያንዳንዱን ማዕዘን ታሪክ ያውቃል። ችግሩ የላዳዋ መቀመጫ የራስ መደገፊያ የለውም። ካሜራውን የት ልሰረው?
የሹፌሩ ልጅ

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ልጄ። ይህን ነገር አታዘግዪው። በዚህ ሳምንት ሥሪው።

መደገፊያ ከሌለ የመቀመጫውን ጀርባ ራሱን እንይዘዋለን። አንድ ጣውላ አስቆርጪ፤ 70 ሴንቲ ሜትር ቁመት፣ 15 ወርድ፣ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት። በጋቢናው መቀመጫ ጀርባ፣ ከኋላ በኩል አቁሚው። ጫፉ ከመቀመጫው በላይ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ብቅ ይበል። ከዚያ ዕቃ ጫኚዎች የሚጠቀሙበትን የሚጠበቅ ቀበቶ ሁለት ግዢ። አንዱን ከመቀመጫው ጀርባ አናት ዝቅ ብሎ፣ ሌላውን ወገቡ ላይ፣ መቀመጫውንና ጣውላውን አብረሽ እሰሪያቸው። ቀበቶው የሚያልፍበት ቦታ ላይ የጣውላውን ጠርዝ ግራና ቀኝ በመጋዝ ትንሽ ጎድጎድ አድርጊው። ቀበቶው እዚያ ይቀመጣል፤ ወደ ታች አይንሸራተትም።

በጣም አጥብቂው። የላዳ መቀመጫ ውስጡ ሽቦና ስፖንጅ ነው፤ መጀመሪያ ይሰጥሻል። ታጠብቂያለሽ፣ አምስት ደቂቃ ትተይዋለሽ፣ እንደገና ታጠብቂያለሽ። ጣውላውን ይዘሽ ስትነቀንቂው መኪናዋ አብራ ከተነቃነቀች ደርሰሻል። የካሜራውን ጭንቅላት ከጣውላው አናት ላይ በሩብ ኢንች ብሎን እሰሪ። ደኅንነት ገመዱን እንዳትረሺ፤ ከላይ ለቪትዙ ልጅ የነገርኩት ለአንቺም ይሠራል። መያዣው ሲታሰር አባትሽም ይኑር። የኋላ መመልከቻ መስታወቱን እንዳልጋረድሽበት እሱ ይንገርሽ።

አንቺ ኋላ፣ ከአባትሽ ጀርባ ተቀመጪ። ጋቢና ባዶ ይሁን። ካሜራውን ወደ ግራ መልሰሽ የአባትሽን የፊት ጎን፣ እጁንና መንገዱን አብሮ የሚይዝበት ቦታ ፈልጊ። ሰፊ ሌንስ ካለሽ ሦስቱም ይገባሉ።

ሰዓቱ ጠዋት ይሁን፣ ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል። ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ለገሃር ስትወርዱ የጠዋት ፀሐይ ከግራ ይመጣል። አባትሽ በግራ ተቀምጧል። ብርሃኑ በራሱ መስኮት ገብቶ ፊቱ ላይ ያርፋል። ከሰዓት በኋላ ከሄዳችሁ ፀሐዩ ከቀኝ መስኮት ስለሚገባ ካሜራሽን ከጎን ይመታዋል።

ለድምፁ በካሜራው አትመኪ። የላዳ ሞተር ድምፅ ይበልጠዋል። ርካሽ የደረት ማይክ ከሌላ ስልክ ጋር አገናኚና ሸሚዙ ላይ፣ ከደኅንነት ቀበቶው ራቅ አድርገሽ ሰክተሽ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ክተቺው። ሁለቱንም ከከፈትሽ በኋላ አንዴ እጅሽን አጨብጭቢ። በኋላ ምስሉንና ድምፁን በዚያች ጭብጨባ ታገጣጥሚያቸዋለሽ። መስኮቱን እንዲዘጋ አታስገድጂው። ዕድሜውን ሁሉ ክንዱን መስኮት ላይ አድርጎ ከነዳ፣ እንደዚያው ይንዳ።

ጥያቄ ስትጠይቂው ፊቱን ወደ ኋላ እንዳያዞር አደራ። ከመነሳታችሁ በፊት ንገሪው፦ «አባዬ፣ መንገዱን እያየህ አውራኝ» በይው። ዝም ሲልም አትሙዪለት፤ አደባባዩን ሲዞር ዝም ይበል፣ ለገሃር ሲደርስ ራሱ ይቀጥላል። መጀመሪያ አንድ ዙር ያለ ካሜራ ሂዱ። ሁለተኛው ላይ ቅረጪ። ቤት ስትገቢ ምንም ሳትቆርጪ ሙሉውን ሁለት ቦታ ገልብጪው፣ አንዱን ሌላ ሰው ቤት አስቀምጪ።

አባትሽን ሰላም በይልኝ። ጣውላው አልይዝ ካለሽ የመቀመጫውን ጀርባ ወርድና ቁመት ለክተሽ ላኪልኝ፣ ሥዕል ሠርቼ እልክልሻለሁ።